በቀን 8 ቀሚስ

ጎንደር ላይ የሀበሻ ልብስ ለሚሰፋ ሰው የዓመቱ ትልቁ ቀጠሮ ከተራ ነው። ጥር 10 ከሰዓት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ቀሚሱ ደንበኛዋ ገላ ላይ መገኘት አለበት። ጥር 13 ቢደርስ ማንም አይፈልገውም። ስለዚህ ስፌት ቤቶች ከኅዳር ጀምረው ግብ ያወጣሉ፤ በቁጥርም ይከታተሉታል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከስንፍና አይመጣም። የተቆጠረው ነገርና የተፈለገው ነገር ሳይገናኙ ሲቀሩ ነው ነገር የሚበላሸው።

አራዳ አካባቢ ባለ አንድ ስፌት ቤት የሆነው ይህ ነበር። ቤቱ አንድ ቆራጭ፣ በፔዳል መኪና የሚሰሩ አራት ሰፊዎች፣ በመብራት የሚሰራ አንድ የጥልፍ ማሽንና አንዲት ጠላፊ፣ ካውያና ማጠናቀቂያ ላይ ደግሞ አንድ ልጅ ነበረው። እስከ ኅዳር አጋማሽ 300 ትዕዛዝ ተይዟል፤ ከዚያ ውስጥ 220ው ደረቱና ታችኛው ጫፉ የሚጠለፍ የአዋቂ ቀሚስ፣ 80ው ጥልፍ የሌለው የልጆች ልብስ ነው። የስፌት ቤቱ ባለቤት ሒሳቡን ሠራች። ከኅዳር 15 እስከ ጥር 9 እሑድና በዓላት ሲቀነሱ 42 የሥራ ቀን ገደማ አለ። በቀን 8 ቢወጣ 300ው በ38 ቀን ያልቃል፤ አራት ቀን ይተርፋል። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ እያንዳንዱ ሰፊ በቀን 2 ቀሚስ ሰፍቶ ስሙ ትይዩ ጭረት ያደርጋል። ክፍያውም በፍሬ ስለነበር ጭረቱና ገንዘቡ አንድ ሆነ።

ለሦስት ሳምንት ተኩል ያህል ሰሌዳው አንድም ቀን አልጎደለም። ስፌት ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሥራው ወደፊት እየሄደ ነው ብሎ አመነ።

እውነታው ግን የሚታየው የጥልፍ ማሽኑ ጋ ነበር። አንድ ሙሉ የደረት ጥልፍ ከጫፉ ጋር ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በአሥር ሰዓት ሥራ ቢበዛ 5 ይወጣል፤ የመብራት መቆራረጥ ሲታሰብ 4 ነው የሚባለው። የፔዳል መኪናዎቹ መብራት ሲጠፋም መስፋታቸውን አያቆሙም፤ ማሽኑ ግን ይቆማል። ጥልፍ ደግሞ የሚሠራው ጨርቁ ጠፍጣፋ እያለ፣ ጎንና ጎኑ ሳይገጣጠም ነው። እንግዲህ 220 የሚጠለፍ ቀሚስ በቀን 4 ቢሄድ በ42 ቀን የሚያልቀው 168 ብቻ ነው። ሰፊዎቹ በቀን 8 ቢሰፉም ባይሰፉም 52ቱ ከመጀመሪያውም ቦታ አልነበራቸውም።

ታዲያ ሰሌዳው እንዴት ሞላ? ሰፊዎቹ መጀመሪያ የልጆቹን ልብስ አነሱ። ጥልፍ አይጠብቅም፣ ቶሎ ያልቃል፣ እንደ ትልቁ ቀሚስ አንድ ጭረት ነው። 80ው በአሥር ቀን አለቀ። በእነዚያ አሥር ቀናት 40 የተጠለፈ ደረት ተከምሮ ስለቆየ፣ ቀጥሎ ያሉትን አሥር ቀናት በዚያ ክምር ላይ ተኖረ። ታኅሣሥ 10 አካባቢ ክምሩ አለቀና ሰፊዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ያን ያህል ጊዜ የተደበቀ ጉድለት በአንድ ማለዳ ሲወጣ ሰው ይደነግጣል፤ የተደነገጠ ሰው ደግሞ አቋራጭ ይፈልጋል።

አቋራጮቹ ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም ቁጥሩን የሚያሟሉ ናቸው። አንዳንድ ሰፊዎች ጎኑን አስቀድመው ገጥመው ጭረታቸውን አደረጉ፤ ጠላፊዋ የተሰፋ ቀሚስ ውስጥ እጇን አስገብታ ለመጥለፍ ተገደደች፤ ጨርቁ በደንብ ስላልተወጠረ ጥልፉ ተጨማተረ። ሁለተኛው፣ ከጎረቤት ሌላ የጥልፍ ማሽን ተውሰው ጥልፍ ገና የምትማር አንዲት ለማጅ ልጅ «በቀን ሁለት» ብለው አስቀመጡበት። ሦስተኛው የቆራጩ ነው። ጥልፍ ጨርቁን ወደ ራሱ ይስባል፤ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ከደረት ስፋት 1.5 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይበላል። ስለዚህ ደረት የሚሆነው ጨርቅ በየጎኑ 3 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይዞ በግርድፉ ይቆረጣል፣ ይጠለፋል፣ በጀርባው በኩል ይተኮሳል፣ ከመሃል መስመር ተነስቶ እንደገና ይለካል፣ ከዚያ ነው በልኩ የሚቆረጠው። ሁለት ጊዜ መቀስ ማንሳት ማለት ነው። ቆራጩ የእሱም ድርሻ በቁጥር ስለተያዘ በአንድ ጊዜ በልኩ ቆረጠ።

ውጤቱ የታየው ደንበኞቹ ለልኬት በተጠሩ ቀን ነው። አንዲት እናት ቀሚሷን ለብሳ መስታወቱ ፊት ቆመች። ከፊት ያማረ ነው። ሁለት እጇን ወደ ላይ ልታነሳ ስትል ብብቷ ሥር ያለው ስፌት ጠጥ አለ።

«እትዬ፣ እጄን ማንሳት አልቻልኩም እኮ። በዚህ እንዴት አድርጌ ላጨብጭብ?»

ባለቤቷ ቆራጩን አየችው። ቆራጩም «እኔ የሰጡኝን ልክ ነው የቆረጥኩት» አለ። እውነቱን ነው። ሰፊውም እንደተቆረጠለት ሰፍቷል፤ ጠላፊዋም እንደተሰጣት ጠልፋለች። ሁሉም የየራሱን ግብ መትቷል፤ ቀሚሱ ግን አይለበስም። በልኩ የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ መመለሻ የለውም፤ ብብት ሥር ቁራጭ ማስገባት ብቻ ነው የሚቻለው፤ እሱም አንድ ሰው ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ጥር 9 ማታ ከ60 በላይ ቀሚስ ወይ አልተጠለፈም ወይ ለጥገና ተመልሷል። የተቀበሉት ቀብድ ተመለሰ፤ ከዚያ የከበደው ግን ለዓመት በዓሏ ያለ ልብስ የቀረችው ሴት ፊት ነው።

ከዚህ ተነስቶ «ቁጥር ያበላሻል» የሚል ሰው አለ። በዚህ አልስማማም። አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ግንድ የሚያመላልሱ የከባድ መኪና ሹፌሮች ሕግ ከሚፈቅደው ክብደት 60 በመቶ ያህል ብቻ እየጫኑ ይሄዱ ነበር። ተመራማሪዎቹ ጋሪ ላታምና ጄምስ ባልደስ በ1975 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ «የምትችሉትን ያህል ጫኑ» ከማለት ይልቅ «94 በመቶ ድረሱ» ሲባሉ 90 በመቶ አካባቢ ደረሱ፤ ተጨማሪ ክፍያም አልነበረም። እዚያ ቁጥሩ የሠራበት ምክንያት አለ። ጭነቱ ከሹፌሩ እጅ አይወጣም፤ የሚመዘነውም የሚፈለገው ራሱ ነው። ቀሚስ ግን በአራት ሰው እጅ ያልፋል። ለአራቱም ለየብቻ ቁጥር መስጠት አራት የተለያየ ሥራ መስጠት ነው። ግብ ስታወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት?» አይደለም። «ይሄ ነገር አለቀ የሚባለው የት ላይ ነው? እስከዚያ ድረስ በስንት እጅ ያልፋል? የትኛው እጅ ነው ቀርፋፋው?» ነው።

ስፌት ቤቱ በማግስቱ ዓመት ያደረገው ይህንኑ ነው። ሰሌዳው አልወረደም፤ ጭረቱ ግን ሌላ ሆነ። ደንበኛዋ ለብሳ አይታ፣ እጇን አንስታ፣ ከፍላ ይዛው የወጣችው ቀሚስ ብቻ ይቆጠራል። ከሰፊዎቹ የእጅ ዋጋ ግማሹ ሲሰፋ፣ ግማሹ ቀሚሱ ሲወጣ ይከፈላል። ይህ ብቻውን ጎን አስቀድሞ መግጠምን አስቀረ፤ ማንም ሰው ተመልሶ ለሚመጣበት ሥራ አይቸኩልም።

ትዕዛዙም ከፍላጎት ሳይሆን ከጥልፍ ማሽኑ ተነስቶ ተሰላ። ከኅዳር 1 እስከ ታኅሣሥ 25 ድረስ 55 ቀን ነው። 8 እሑድ ይቀነሳል፤ የቁስቋም ኅዳር 6፣ ሚካኤል ኅዳር 12፣ ጽዮን ኅዳር 21፣ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ይቀነሳሉ። 43 ይቀራል፤ በ4 ሲባዛ 172። ከዚያ ላይ ለሚበላሽና ለሚደገም አንድ አሥረኛውን ቀንሰው 155 ላይ ቆሙ። ከታኅሣሥ 25 በኋላ ያለው ጊዜ ገናን አሳልፎ ለመገጣጠም፣ ለልኬትና ለማስተካከያ ተተወ። የልጆች ልብስ ለብቻው መዝገብ ተያዘለት፤ የሚሰፋውም ሰፊዎቹ ጥልፍ በሚጠብቁባቸው ሰዓታት ነው።

ከማሽኑ ፊት የሚቀመጥ የተቆረጠ ቀሚስ ከ8 እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ሲሞላ ቆራጩ መቁረጡን አቁሞ ካውያ ይይዛል። ይህ በቀላሉ አልተዋጠለትም። «በዚህ ዕድሜዬ መቀሴን አስቀምጬ ካውያ ልያዝ?» ብሎ ነበር። ባለቤቷም «ጋሼ፣ ሁለተኛውን ልክ ከእርስዎ ሌላ ማን ይይዘዋል? ሲተኮስ አጠገቡ ይሁኑ» አለችው። ተኩሱንና ሁለተኛውን ቁርጥ አንድ ላይ ሲይዝ ጥልፍ ጨርቅን ስንት እንደሚስብ በየዓይነቱ አወቀው፤ ትርፉን ለአንዱ ጨርቅ 3፣ ለሌላው 4 ሳንቲ ሜትር ማድረግ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለማጇ ላይ የተደረገው ከሁሉም የሚጠቅም ይመስለኛል። ገና እየተማረ ላለ ሰው የቁጥር ግብ ጎጂ ነው፤ ሐሳቡ ሁሉ መጨረስ ላይ ስለሚሆን የተሻለ መንገድ አይፈልግም። ስለዚህ የቀሚስ ቁጥር ተነሳላትና ለሦስት ሳምንት ቁራጭ ጨርቅ ላይ እየሞከረች መልስ እንድታመጣ ተሰጣት፤ የትኛው ጨርቅ ሥር ስንት ወረቀት ይደረባል? ክሩ ምን ያህል ይላላ? የትኛው ቀይ ክር ቀለም ይለቃል? ደብተሯ ላይ የሰፈረው እንዲህ ይነበባል፦

«መነን፣ አንድ ወረቀት፦ ተጨማተረ። ሁለት ወረቀት፣ ክሩ እንደዚያው፦ ትንሽ ተጨማተረ። ሁለት ወረቀት፣ ክሩ ላላ ተደርጎ፦ ተስተካከለ። ቀዩ ክር፣ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ደርቤ ስተኩሰው፦ ለቀቀ። አይሠራበትም።»

የመጨረሻው መስመር ብዙ ነጭ ቀሚስ አድኗል። አቅሟ ግን በ155ቱ ስሌት ውስጥ ሆን ተብሎ አልተደመረም፤ እየተማረ ያለ ሰው የሚያወጣው ሥራ ትርፍ ነው እንጂ ቃል አይገባበትም።

155ው ሲሞላ የጥልፍ ትዕዛዝ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ለመጣች ደንበኛ የሚቀርብላት ጥልፍ የሌለው፣ ጥለቱ ራሱ የሚያምር ቀሚስ ነው፤ ካልፈለገች ሌላ ቤት ትጠቆማለች። በዚህ ገንዘብ ቀርቷል፤ ባለቤቷም ይህን አትደብቅም። ያልተፈታው መብራት ነው። ጠላፊዋ አሁን ከንጋቱ 12 ሰዓት ትጀምራለች፤ ከሰዓት ቢጠፋም ሁለት ቀሚስ በእጇ ይገኛል። ሙሉ ቀን የጠፋ ጊዜ ግን 4ቱ ከ155 ላይ ዕለቱን ይቀነሱና ትዕዛዝ የሚዘጋበት ቁጥር ወደ 151 ይወርዳል።