ጆርጅ ሴንት ፒየር እና ያ ጡብ

ብዙዎች የካናዳዊውን የድብልቅ ማርሻል አርት (ቡጢ፣ ርግጫና ትግል የተቀላቀሉበት ስፖርት) ተፋላሚ የጆርጅ ሴንት ፒየርን 26 ድል ይቆጥራሉ፤ እኔን የሚይዘኝ ግን ሽንፈቱ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ሂውስተን ላይ ማት ሴራ በመጀመሪያው ዙር በቡጢ ዘርሮ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ወሰደበት። ጆርጅ (ቀደም ሲል በካናዳዋ ኬቤክ ቆሻሻ ሰብሳቢ ሠራተኛ ነበር) የሴራን ስም ጡብ ላይ ጽፎ ወንዝ ውስጥ ወረወረው። ቂሙን አብሮ ጣለ ብዬ አምናለሁ።

በዓመቱ ሞንትሪያል ላይ ተገናኙ። ይህን ፍልሚያ ማታ ከሥራ ስገባ እራቴን ጭኔ ላይ አድርጌ ደጋግሜ አይቸዋለሁ። ሁለተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል ሴራ መሬት ላይ ተኮራምቷል፤ ጆርጅ ጎኑን በጉልበቱ ይለዋል፣ ይደግመዋል። ዳኛው ሲያስቆመው አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። እኔም ሁሌ ከመቀመጫዬ እነሣለሁ።