«መጣ» «መታ» ሆኖ የተሰማበት ዘፈን

ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍሌ፣ የአንዲት ወጣት ድምፃዊት የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ ከቀረፃው እስከ ማስተሩ (ለስርጭት እስከሚዘጋጀው የመጨረሻ ቅጂ) ድረስ የሠራሁት እኔው ነኝ። ሥራው ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ፤ ከዚህ ውስጥ ሁለቱ ያለቁት በአንድ ፊደል ምክንያት ስለሆነ የማተኩረውም በእርሱ ላይ ነው።

ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ ከድምፃዊቷ ጀርባ ፍራሽ አቁመን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ጸጥ በሚልበት ሰዓት በ24 ቢት ቀረፅን። ዘፈኑ በትዝታ ሜጀር ቅኝት የተሠራ፣ ምቱ ችክችካ ሲሆን፣ ክራር፣ ቤዝ ጊታር፣ ኪቦርድና በኮምፒውተር የተሠራ ድራም አለው። ሚክሱን፣ ማለትም ድምፆቹን የማመጣጠኑን ሥራ፣ የጀመርኩት ሪፐር በተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ከቤዙና ከኪኩ (ከድራሙ ትልቁ ከበሮ) በስተቀር የሁሉንም ድምፅ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ክፍል በመቁረጥ ነው። ክራሩ ከድምፃዊቷ ጋር የሚጋፋበትን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ቦታ በ3 ዴሲቤል ዝቅ ሳደርገው ሁለቱም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ኦቶቲዩኑን (የዘፋኝን ድምፅ ወደ ትክክለኛው ኖታ የሚያቀናውን ፕሮግራም) ቅኝቱ በሚጠቀምባቸው አምስት ድምፆች ብቻ፣ ማለትም በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ፣ ወስኜው ነበር፤ ሆኖም ፍጥነቱን ከፍ ባደረግሁት ቁጥር ድምፃዊቷ በስንኞቹ መጨረሻ ላይ የምታርገበግበውን ጉሮሮ ስላደረቀብኝ፣ በጣም አዘግይቼ የለየላቸው ስህተቶች ላይ ብቻ ተውኩት።

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ሚክሱ ያለቀ መስሎኝ ለእናቴ አሰማኋት። አዝማቹ ውስጥ «ሲነጋ መጣ» የሚል ሐረግ አለ። እናቴ በጥሞና ካዳመጠች በኋላ «ልጄ፣ ማንን ነው የመታው?» ብላ ጠየቀችኝ። ግጥሙን በቃሌ ስለማውቀው ጆሮዬ ሁልጊዜ «መጣ»ን ይሰማ ነበር፤ ለእርሷ ግን ናፍቆት የነበረው ዘፈን የጠብ ዘፈን ሆኖባት ነበር።

ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ በጉሮሮ ተዘግቶ የታፈነ አየር በድንገት ሲለቀቅ የሚወጡ ድምፆች ናቸው። ጠን ከተ የሚለየው ዋናው ምልክት ያች በጣም አጭር የሆነች ፍንዳታ ስትሆን፣ እኔ ደግሞ ኮምፕረሰሩን (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጫነውን መሣሪያ) በ1 ሚሊ ሰከንድ አታክ፣ ማለትም ድምፁ ከፍ እንዳለ ወዲያው እንዲጫን፣ አስጀምሬ ልክ እርሷን ነበር የምጨፈልቃት። በላዩ ላይ ሰ እና ሸን ለማለስለስ ያስገባሁት ዲኤሰር የእነ ጠንና የእነ ቀንም ስለት ይላጨው ነበር። አታኩን ወደ 25 ሚሊ ሰከንድ አዘገየሁት፣ የሚጫንበትን ጥምርታ 3 ለ 1 አደረግሁት፣ ዲኤሰሩን ደግሞ ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። ከዚያ በኋላ የቀረው የእጅ ሥራ ነበር፤ እያንዳንዱን የሚያፏጭ ሰ እና ሸ በየቦታው እየፈለግሁ ከ3 እስከ 5 ዴሲቤል ቀነስኩ፣ ደንግጦ የሚዘልለውንም ቀ እንዲሁ። አድካሚ ቢሆንም፣ ለአማርኛ ዘፈን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

ሚክሱን በስልክም፣ ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ በሚሠራ ሚኒባስ ውስጥም ሞከርኩት። ሹፌሩ ፍላሹን ሰክቶ አንድ ጊዜ ከሰማ በኋላ «ወንድሜ፣ ልጅቷ የታለች?» አለኝ። የሞተሩና የመንገዱ ጫጫታ ከቤዙ ጋር ተደርቦ ግጥሙን ውጦት ነበር። ድምጿን በ1.5 ዴሲቤል ከፍ፣ ቤዙን በ250 ኸርዝ አካባቢ ዝቅ አደረግሁ።

ማስተሩ ላይ ድምፃዊቷ ዘፈኗ ከሌሎቹ እንዳያንስ ስለሰጋች፣ በሊሚተር (የድምፁን ጫፍ እየገታ አጠቃላይ ጩኸቱን ከፍ ለማድረግ በሚያስችል መሣሪያ) ገፍቼ −7 ኤል ዩ ኤፍ ኤስ (የጩኸት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቁጥር ጩኸቱ ይጨምራል) አደረስኩት። ያን ያህል የለፋሁበት ጠ እንደገና ተ ሆነ። ስፖቲፋይ በተለመደው አሠራሩ የዘፈኖችን ጩኸት ወደ −14 ስለሚያስተካክል፣ ዩቲዩብም በጣም የሚጮኸውን ስለሚቀንስ፣ የገፋሁት ሁሉ መልሶ የሚወርድ ነበር። ስለዚህ ያንኑ ማስተርና በ−11 የሠራሁትን ሌላ ማስተር በእኩል ጩኸት አስቀምጬ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልነግራት አሰማኋት። ያለማመንታት ሁለተኛውን መረጠች። ከፍተኛውን ጫፍ በ−1 ዴሲቤል ወስኜ አስረከብኳት።

አሁን ሁለተኛ ዘፈኗን ይዣለሁ። ኮምፕረሰሩን ከመክፈቴ በፊት ግጥሙን በወረቀት አትሜ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ ያለባቸውን ቃላት በቀይ እስክሪፕቶ አሰምርባቸዋለሁ፤ ሚክሱን ስጨርስም ግጥሙን አይቶ ለማያውቅ ሰው አሰማለሁ፣ የሰማውንም እንዲጽፍልኝ እጠይቀዋለሁ።