«ዘ ፌርዌል» እና የኛ መርዶ

በ2019 (በፈረንጆቹ) የወጣውን የዳይሬክተር ሉሉ ዋንግን «ዘ ፌርዌል» ፊልም ያላያችሁ እዩት። ኒው ዮርክ ያደገችው ቢሊ፣ ቻይና ቻንግቹን ያሉት አያቷ የሳንባ ካንሰር እንዳለባቸው ትሰማለች። የማያውቁት ራሳቸው አያትየው ብቻ ናቸው። ቤተሰቡ መሰናበቻ ሰበብ ሲያጣ የአጎቷን ልጅ ከጃፓናዊት ፍቅረኛው ጋር ይድራል። ሙሽሮቹ ገና በቅጡ እንኳን አልተዋወቁም! ቢሊን ደግሞ «ፊትሽ ያጋልጠናል፣ ቅሪ» ይሏታል። እሷ መቼ ሰምታ።

ታሪኩ የዳይሬክተሯ የራሷ ቤተሰብ ነው። የአያትየውን እህት ሆነው የሚጫወቱትም እውነተኛ የአያቷ እህት ናቸው። መሪ ተዋናይቷ አክዋፊና በኮሜዲ ዘርፍ ጎልደን ግሎብ ወስዳበታለች፤ እኔ ግን ግማሹን ያየሁት እያለቀስኩ ነው።

እዚያ የሚዋሸው ለታማሚዋ ነው። እኛ ጋ የሚዋሸው በሰው አገር ላለው ነው። አገር ቤት ሰው ሲያርፍ ለባለ ሐዘኑ አይደወልም፤ ለባልንጀራው ይደወላል። ከዚያ ምክክሩ ይጀመራል። ሥራ የማይገባው መቼ ነው? አብሮት የሚያድር አለ? ፌስቡክ ላይ የለጠፈ አለ? (አንድ የሩቅ ዘመድ ፎቶ አውጥቶ «ነፍስ ይማር» ካለ ሁሉም ነገር አበቃ።)

የአንዲት ጓደኛዬ እናት ያረፉ ጊዜ ከመርዶ ነጋሪዎቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። ልጅቷ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። መርዶውን ልንነግራት በዋዜማው ማታ፣ ሥራ ልትገባ ስትል ደውላልኝ «እማዬ ስልክ አታነሳም፣ ኔትወርኩ ነው መሰለኝ» አለችኝ። «አዎ፣ ሰሞኑን አስቸግሯል» አልኳት። እናቷ ተቀብረው ነበር።

ሊነጋጋ ሲል በሯ ላይ ተሰበሰብን። የመኪና ማቆሚያ ጠፍቶ ቄሱ ሩቅ አቁመው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በበረዶው ላይ እየተንሸራተቱ ሲመጡ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ሚስቱ ቆነጠጠችው። ወዲያው ልጅቷ ከሊፍቱ ወጣች፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች። በዚያ ሰዓት፣ ያን ሁሉ ሰው፣ ነጠላ አዘቅዝቆ ስታይ ምን ይነገራታል? ማናችንም አፋችንን ሳንከፍት ጮኸች።

ስትረጋጋ ወደ እኔ ዞራ «ማታ ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

ይቆጨኛል እንድል የሚጠብቅ ይኖራል። አይቆጨኝም። ብነግራት ኖሮ ሌሊቱን ከማታውቃቸው ሽማግሌዎች ጋር፣ መጸዳጃ ቤት እየገባች ስታለቅስ ታድር ነበር። የቢሊ አጎት እንደሚላት፣ መናገር የሚያምረን ሸክሙ ራሳችንን ሲከብደን ነው። ግን ፊልሙ ውሸቱን የሚያሳየን በዋሾቹ ዓይን ነው፤ የተዋሸባት ምን እንደተሰማት ከጓደኛዬ ነው ያየሁት። ለወራት ከመካከላችን ማንም «ደህና ናቸው» ሲላት አታምንም ነበር።

ፊልሙን አይቼ እንደጨረስኩ አገር ቤት ላለችው እህቴ ደወልኩ። «አባዬ አንድ ነገር ቢሆን እንዳትደብቂኝ» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ፤ ሳታስበው። ያ «እሺ» ደስ አላለኝም። «አባዬን አገናኚኝ» አልኳት።

«ተኝቷል፣ ነገ ደውዪ።»

«አሁን ቀስቅሺው» አልኳት። ተነስቶ እየተነጫነጨ አናገረኝ።