የእጅ ራጅ እያየሁ ዕድሜ ስገምት፦ የሦስት ወር ውሎዬ

የግራ እጅ ራጅ እያየሁ የልጆችን የአጥንት ዕድሜ (አጥንቱ በዕድገቱ የስንት ዓመት ልጅ አጥንት እንደሚመስል) መገመት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ። ማታ ማታ 10 የራጅ ፊልም አያለሁ። ግምቴን ደብተር ላይ ጽፌ መልሱን እከፍታለሁ። የምለማመደው የሰሜን አሜሪካ የራዲዮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ለኮምፒውተር ፕሮግራሞች ውድድር በለቀቃቸው 12,611 የልጆች ራጆች ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት በአማካይ 19 ወር እስት ነበር። ያሳፍራል! ጥፋቴ አንጓው ላይ ማፍጠጤ ነው። እዚያ ያሉት 8 ትናንሽ አጥንቶች ሲጀመር ልም አጥንት ስለሆኑ ራጅ ላይ አይታዩም፤ በየዓመቱ አንድ ሁለት እያሉ ብቅ ይላሉ። እነሱን ቆጥሬ ልገላገል ፈለግኩ። ለሕፃን ይሠራል፤ ከፍ ላለ ልጅ ግን ያሳስታል።

አሁን ከጣት ነው የምጀምረው። የጣት አጥንት ሥር ላይ በጥቁር መስመር የተለየች ቁራጭ አጥንት አለች። መስመሩ አጥንቱ የሚያድግበት ልም አጥንት ነው። በልጅነት ቁራጯ ከአጥንቱ ትጠብባለች። ቆይቶ ስፋታቸው እኩል ይሆናል። ጉርምስና ሲመጣ ጠርዟ እንደ ቆብ ወደ አጥንቱ ይታጠፋል። በመጨረሻ መስመሩ ይደፈናል፦ የጣት ጫፎች ይቀድማሉ፣ ሬዲየስ የሚባለው በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ይዘገያል። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ተጫዋቾችን በኤምአርአይ የሚያይባት መስመር የሬዲየሷ ናት።

ጾታ ሳላይ ገምቼም ጉድ ሆኛለሁ። በጉርምስና ዕድሜ ሴቶች 2 ዓመት ያህል ይቀድማሉ።

ስህተቴ አሁን 9 ወር ገብቷል። የውድድሩ አሸናፊ ፕሮግራም ስህተት 4.3 ወር ገደማ ነበር፤ እሱን አልፎካከርም። ደግሞ እኔ "መልስ" የምለው ራሱ የሐኪሞች ግምት እንጂ የልደት ቀን አይደለም። ይሄ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ። የተወለደው የሚካኤል ዕለት ነው፤ ዓመቱን ግን እርግጠኛ አይደሉም። "13 ሳይሆነው አይቀርም" አሉ። አጥንቱ 11 ይላል። ልጁ ደግሞ ክስት ያለ ነው። የምናመሳክርበት የግሮይሊክና ፓይል አትላስ (በየዕድሜው ያሉ የእጅ ራጆች ናሙና የያዘ መጽሐፍ) የተሠራው ክሊቭላንድ ውስጥ ተመችቷቸው ባደጉ ልጆች ነው፤ የምግብ እጥረት ደግሞ አጥንት ያዘገያል። ሪፖርቱ ላይ "የአጥንት ዕድሜ 11" ብለን ጻፍን። "ልጁ 11 ዓመቱ ነው" አላልንም።

ቀጥሎ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚታየውን፣ ከደረት አጥንት ጋር የሚገናኘውን የክላቪክል (ከአንገት ሥር ያለው አግድም አጥንት) ጫፍ በሲቲ ስካን ልሞክር ነው። የታካሚው ስም የጠፋለት ፊልም ያላችሁ አቀብሉኝ።