ባዶ ፍላሽ ላይ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ሲባል

የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። አንድ ደንበኛ በቅርቡ 32 ጊጋ ፍላሽ ይዞ መጣ፣ ባዶ ነው። የመልሱ ቪዲዮ 9 ጊጋ ቢሆን ነው። ኮፒ ሳደርገው ግን ዊንዶውስ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ብሎ አሻፈረኝ አለ።

«ፌክ ፍላሽ ሸጠውልኝ ይሆን እንዴ?» አለ ደንበኛው። አልፈረድኩበትም፤ ከተጻፈበት ያነሰ የሚይዝ ፍላሽ ገበያ ላይ አይጠፋም። ለማጣራት ፍላሹ እስኪሞላ ድረስ ፎቶ ጫንኩበት። ነቅዬ መልሼ ሰካሁትና ከመጀመሪያም ከመጨረሻም ከፋፍቼ አየሁ። ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ። ፋይል ሲስተም ከሚለው ጎን ፋት 32 ይላል። ነገሩ እዚህ ጋ ነው።

ፋት 32 በ1996 እ.ኤ.አ. ከተሻሻለው የዊንዶውስ 95 እትም ጋር የመጣ፣ ዲስክና ፍላሽ ላይ ፋይል የሚደራጅበት አሠራር ነው። የእያንዳንዱን ፋይል መጠን የሚመዘግብበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ነው። እዚያ ላይ ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ባይት ነው፤ 4 ጊጋ ሊሞላ አንድ ባይት ሲቀረው ማለት ነው። ስለዚህ ፍላሹ 32 ጊጋም ይሁን 128፣ አንድ ፋይል ከዚያ በላይ ከሆነ አይገባም። ያኔ እንዲህ ያለ ፋይል ቤቱ የነበረው ማን ነው?

ቀላሉ መፍትሔ ፍላሹን ኤክስፋት በሚባለው ሌላ አሠራር ፎርማት ማድረግ ነው። ዊንዶውስም ማክም ያነቡታል፣ ይጽፉበታልም። ውስጡ ያለውን ግን ስለሚያጠፋ ቀድሞ ሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል። ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው የዊንዶውስ አሠራርም ትልቅ ፋይል ይቀበላል፤ ማክ ግን ያነበዋል እንጂ በራሱ አይጽፍበትም።

እኔ ኤክስፋት ልል ስል ቪዲዮው የሚታየው የት እንደሆነ ጠየቅኩት። እናቱ ቤት፣ አሮጌ ቲቪ ላይ። ብዙ አሮጌ ቲቪ ደግሞ ኤክስፋት የሚባል አያውቅም። ፍላሹን በፋት 32 ተውኩት።

ቪዲዮውን ከ4 ጊጋ በታች ጨምቄም ሞክሬ ነበር። ንግግሩ ላይ ምንም አይልም። እስክስታው ላይ ሲደርስ ግን ትከሻው ሁሉ ካሬ ካሬ ሆነ፤ ፈጣን እንቅስቃሴ ብዙ ዳታ ይበላል። 7-ዚፕ በሚባል ፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም ከፋፍሎ መጫንም ይቻላል፤ ለቲቪ ግን አይሆንም፣ ቁርጥራጩን የሚገጣጥም ኮምፒውተር ይፈልጋል። በመጨረሻ ቪዲዮውን ሦስት ክፍል አድርጌ አወጣሁት፣ እያንዳንዱ 3 ጊጋ ገደማ። መቁረጫውን ዘፈን ከሚያልቅበት ላይ አደረግኩ። እስክስታ መሀል ብቆርጠው እናትየው አይምሩኝም።

ካሜራም ይኸው ጠባይ አለው። ፋት 32 በሆነ ካርድ ላይ ረጅም ቀረጻ 4 ጊጋ ሲደርስ ብዙ ካሜራ አዲስ ፋይል ይጀምራል። ቀረጻው የተቋረጠ መስሏቸው የሚደነግጡ አሉ። ፋይሎቹን በተርታ ማስቀጠል ነው።

አሁን ደንበኛ ገና ሲደውል ቲቪው የስንት ዓመት እንደሆነ እጠይቃለሁ። አዲስ ከሆነ ወይም በላፕቶፕ የሚያዩ ከሆነ በኤክስፋት እሰጣለሁ፣ «ኢጀክት ሳትሉ እንዳትነቅሉ» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር። ኮፒ እየተደረገ ከተነቀለ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።