የመረብ ኳስ ተጫዋች የመድረክ ቀሚስ ስሰፋ የተሳሳትኩት

ዱባይ ሳትዋ ውስጥ በልብስ ስፌት የሚተዳደር ሰው የፊሊፒን ደንበኛ አያጣም። አንድ ቀን ደግሞ ኳስና ቁንጅናን አንድ ላይ የያዘች ትመጣለች። ለፊሊፒኖች ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በሰፈር ሊጋቸው መክፈቻ ቀን ቡድኑ «ሚውዝ» የሚሏትን ቆንጆ ከፊት አስቀድሞ ነው የሚገባው፣ ለሚውዞቹም ለብቻ ሽልማት አለ። የፊሊፒኑ የመረብ ኳስ ክለብ የክሪምላይን አጥቂ ሚሼል ጉማባኦ እ.ኤ.አ. በ2018 በአገሯ የቁንጅና ውድድር የቢኒቢኒንግ ፒሊፒናስ ግሎብን ዘውድ ደፍታለች፣ በ2020 ደግሞ በሚስ ዩኒቨርስ ፊሊፒንስ ሦስተኛ ወጥታለች። የእኔም ደንበኛ ቀኝ እጇ የሚመታ አጥቂ ናት፤ ቀሚሱ ለማኅበረሰባቸው የቁንጅና ውድድር ነበር።

ጨርቁ ወርዱ 150 ሴንቲ የሆነ ሳቲን፣ 4 ሜትር ተኩል፤ ገበር 3 ሜትር። ቁርጡ ታች የሚበተን፣ እጅጌው ረጅምና ጥብቅ። ረጅም እጅጌ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ኳስ ስትቀበል ክንዷ ስለሚበልዝ ልሸፍንላት ብዬ።

የአዘጋጆቹ ቅጽ ደረት፣ ወገብና ዳሌ ብቻ ይጠይቃል፦ 91፣ 71፣ 98 ሴንቲ። «ሦስቱ ቁጥር ይበቃል» ተባልኩ፣ እኔም አመንኩ። ለሞዴል ይበቃ ይሆናል። ለአጥቂ አይበቃም። የሀበሻ ቀሚስ ቢሆን ስፋቱ ገመና ይሸፍን ነበር፤ የማይሳብ ሳቲን ግን ምንም አይሸፍንም።

በውድድሩ ልምምድ ቀን ከመድረክ ጀርባ አንድ አጃቢ ብቻ ስለሚፈቀድ እኔን አላስገቡኝም። ደንበኛዬ ዚፑ ፈነዳ ስትል በስልክ ፎቶ ልካልኝ ነው ያየሁት፤ «አቴ (በነሱ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው)፣ እጄን ሳወዛውዝ ተከፈተ።» የዚፑ መሳቢያ ላይኛው ጫፍ ላይ እንደተቆለፈ ነው፣ ጥርሶቹ ግን ከወገብ ጀምሮ እስከ ትከሻ አጥንቷ ተላቀዋል። ውድድሩ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

መጀመሪያ ዚፑን ረገምኩ። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር፣ ያውም ሦስት ቦታ።

አንደኛ፣ ጀርባዋን የለካሁት እጇን አውርዳ ቆማ ነው፦ 37 ሴንቲ። እንደገና ሁለት እጇን ወደፊት ዘርግታ ስለካት 43 ሆነ። ክንድ ሲዘረጋ የትከሻ አጥንት ወደ ጎን ይሄዳል፣ ከብብት በታች ያለው ጡንቻም አብሮ ይገፋል። ያን 6 ሴንቲ ከየትም ስላላገኘ ከመሃል ጀርባ ዚፑ ላይ ወሰደው። ድብቅ ዚፕ ደግሞ ወደ ጎን መሳብ አይችልም፤ ወገብ ላይ ስፌቶች ተደራርበው በሚወፍሩበት ቦታ ይጀምርና ወደ ላይ ይቀደዳል።

ሁለተኛውን ብዙ ሰፊዎች አይቀበሉኝም። እንዲመቻት ብዬ የእጅጌውን መግቢያ ከብብቷ 2 ሴንቲ ዝቅ አድርጌ ቆርጬው ነበር። ተቃራኒውን ነው ያደረገው። መግቢያው ዝቅ ሲል እጅጌው ከደረቱ ጋር የሚገናኘው ታች ነው፣ ስለዚህ እጅ ሲነሳ ቀሚሱ በሙሉ አብሮ ይነሳል። ብብት ድረስ የተጠጋ መግቢያ ግን እጁን ብቻ ያስነሳል። ጥብቅ እጅጌ ከሆነ መግቢያውን ወደ ላይ አስጠጉት፣ የስፌት መጽሐፉን የልክ ሠንጠረዥ ተዉት።

ሦስተኛ፣ የስፌቱን ትርፍ 1 ሴንቲ ብቻ ነው የተውኩት። ጎን ስፌት ላይ ቢያንስ 3 ይተው። ትርፍ ቢኖርም ሳቲን የተተረተረ ስፌት ይቅር አይልም፤ የመርፌው ቀዳዳ መስመር ሠርቶ መብራት ላይ ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ በአቡጀዲ ይሰፋ። እጇን ታንሳ፣ ታወዛውዝ፣ ትዙር፣ ትቀመጥ። የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ እኔ ንቄው ሁለት ሌሊት አስከፈለኝ።

ማዳኛው እንዲህ ሆነ። ሁለቱንም እጅጌ ፈታሁ። ብብት ስር በአልማዝ ቅርጽ የተቆረጠ፣ 14 በ9 ሴንቲ የሆነ የሚሳብ መረብ ጨርቅ ገባ፤ ቀለሙ ከቆዳዋ ጋር ስለሚሄድ ከርቀት አይታይም። ዚፑን አወጣሁና ጀርባውን በቀለበትና በገመድ የሚታሰር አደረግኩት፤ ገመድ እንደ ትንፋሿ ይሰጣል። የመርፌውን ቀዳዳ በዶቃ ሸፈንኩ። ያልታሰበው ዶቃ ነው ሰው ያደነቀው፣ ይገርማል።

ቀሪው ቀላል ነው። የቀሚስ ቁመት የሚለካው በውድድሩ ጫማ ብቻ ነው፤ በነጠላ ጫማ መጥታ የለካሁት በ13 ሴንቲው ጫማ አጠረ። ጫማውን ደግሞ ከልምምድ በኋላ፣ እግር አበጥ ሲል ይግዙ። ቀሚሱ የሚበተንበትን ቦታ ከጉልበት 20 ሴንቲ ከፍ አድርጉ፤ የዘላይ ጭን ወፍራም ነው፣ እርምጃዋም ረጅም። የፊሊፒኗ ካትሪዮና ግሬይ እ.ኤ.አ. በ2018 ባንኮክ ላይ በሚስ ዩኒቨርስ መድረክ በዝግታ ከዞረች ወዲህ ሁሉም ያንን ዙር ይፈልጋል፣ ጉልበት ላይ በታሰረ ቀሚስ ግን አይዞርም። የምትመታበት ትከሻ ከሌላው ዝቅ ይላል፤ ስም የተጻፈበት በትከሻ የሚታጠቁት ጨርቅ ከዚያ ስለሚንሸራተት ከውስጥ ትንሽ ቁልፍ ይሰፋለት፣ መርፌ ቁልፍ ሳቲኑን ይቀደዋል።

ክንዷስ? የውድድሩ ቀን ሜካፕ ሠሪዋ የእጇን ብልዝ አይታ ብልዝ የሚደብቅ ብርቱካንማ ቅባት (ኮንሲለር) ቀባች፣ ላዩ ላይ ፋውንዴሽን ደረበች፣ ፓውደር ነፋችበት። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። እጅጌው ጭራሽ አያስፈልግም ነበር።