እንግሊዝኛ ስማር አፌን ያዘጋችኝ ፊደል

ሰዋስውን ከመጽሐፍ ያዝኩ። ቃላትን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሸመደድኩ። ማዳመጡም በፊልም ቀስ እያለ መጣ። ስለነዚህ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጊዜ የሰጠ ሁሉ ይወጣቸዋል። ጉዴ የፈላው ክፍል ውስጥ ተነስተህ ተናገር ስባል ነው።

የማታ ተማሪዎች ነን፤ ሁላችንም ትልልቅ ሰዎች። መምህሩ ስለ እህቴ ሥራ እንድናገር አስነሳኝ። «ሺ ወርክ…» ከማለቴ «ወርክስ!» አለ። እሺ ብዬ ደገምኩት። «ሺ ላይክ…» ስል «ላይክስ! ኤሷ የት ሄደች?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ሺ» ሲባል ግሱ ጫፍ ላይ የምትጨመረውን ያቺን ኤስ ሌላ ቦታም ስረሳት ጭራሽ «ይሄ እኮ የሕፃን ትምህርት ነው» አለኝ። እህቴ ምን እንደምትሠራ ግን ሳይሰማ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ክፍል መግባት መከራ ሆነብኝ። ተራዬ እስኪደርስ ከፊቴ ስንት ሰው እንደቀረ እቆጥራለሁ። የሚደርሰኝን ጥያቄ ገምቼ መልሱን በሆዴ ሳነበንብ ሌሎቹ የሚሉትን አንዱንም አልሰማም። ስነሳ አፌ ይደርቃል፣ የማውቀው ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋል። ቁጭ ስል ቃሉ ተመልሶ ይመጣል፤ ሲያናድድ! በመጨረሻ ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ «አይሳተፍም» ተብሎ ነጥብ ተቀነሰብኝ። ቢሮ ሄጄ ብናገር «የጎደለህ ድፍረት ነው፤ ተለማመድ» አሉኝ። የት ነው የምለማመደው? እዚያው የሚሳቅብኝ ክፍል ውስጥ?

ብቻዬን እንዳልነበርኩ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዋ ኢሌን ሆርዊትዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1986 በቋንቋ ክፍል ውስጥ የሚሰማን ፍርሃት የሚለካ መጠይቅ አውጥተዋል። 33 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ሳይዘጋጅ ሲናገር የሚደነግጠውም፣ ይስቁብኛል ብሎ የሚፈራውም እዚያ ውስጥ አለ።

ይበልጥ ያበሸቀኝ ግን የኤሷ ጉዳይ ነው። ሄይዲ ዱሌይና ማሪና በርት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስፓኒሽና ቻይንኛ ተናጋሪ ልጆችን አጥንተው ነበር። አፍ መፍቻቸው ቢለያይም፣ እንደ ኤሷ ያሉትን የእንግሊዝኛ ቅጥያዎች የሚይዙበት ቅደም ተከተል ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። በአዋቂዎች ላይ የተሠራ ጥናትም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ያቺ ኤስ ደግሞ ዘግይተው ከሚመጡት ወገን ናት። ደንቧን በአንድ ደቂቃ መረዳት ይቻላል፤ ሳያስቡ ከአፍ እስክትወጣ ግን ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ታዲያ «የሕፃን ትምህርት» ያለኝ ሰውዬ ምኑን ነው የሚያስተምረው?

ክፍል ቀየርኩ። አዲሷን መምህር ለብቻዋ አገኘኋትና «እባክሽ አስጨርሺኝ፣ እርማቱን በኋላ ንገሪኝ» አልኳት። ሳታንገራግር ተስማማች። ቤት ውስጥ ስልኬ ላይ እየቀዳሁ ማውራት ጀመርኩ፤ የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ከዚያ ይለመዳል። ክፍል ውስጥም መጀመሪያ ለአንድ ጓደኛዬ፣ ቀጥሎ ለቡድኑ፣ ለሁሉም ደግሞ መጨረሻ ላይ እናገራለሁ።

«በቃል አትያዙ» ይላሉ። እኔ መክፈቻዬን በቃሌ ነው የምይዘው፤ ያ የመጀመሪያው ድንጋጤ የሚያልፈው እሱን ስል ነው። «ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ» የሚለውንም ሕግ አልቀበልም። ሐሳቤን ከጓደኛዬ ጋር በራሳችን ቋንቋ አብላልቼ ስነሳ የምለው አለኝ። «ስህተት አትፍሩ» የሚለው ምክርማ ለሚፈራው ሰው ምንም አይፈይድም፤ ሄዳችሁ ለሚስቁት ንገሩልኝ።

ኤሷ ዛሬም ስቸኩል ታመልጠኛለች። ስብሰባ ግን በእንግሊዝኛ እመራለሁ፣ ደስም ይለኛል።

ልትመዘገቡ ካሰባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ እዩ። መጽሐፉን ተዉት። ተማሪ ሲሳሳት የመምህሩን ፊት ተመልከቱ፣ ክፍሉ ሲስቅ ምን እንደሚል ስሙ። መግባት አይቻልም ካሏችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።